የአሮጌ የጭነት መኪና ጋቢና የእንጨት አጽም ሲታደስ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተሠራን የሼቭሮሌት የጭነት መኪና ከውጭ የሚመለከት ሰው ጋቢናው ሙሉ በሙሉ የብረት ሥራ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ላሜራው የተቸነከረው ከውስጥ ባለ የእንጨት አጽም ላይ ነው፤ በሩን የሚሸከመውም ሆነ መስታወቱን በቦታው የሚይዘው ይኸው እንጨት ነው። ፋብሪካው በጭነት መኪናዎቹ ላይ ይህን አሠራር ትቶ ወደ ሙሉ የብረት ጋቢና የተሻገረው በ1936 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ነበር። ከዚያ በፊት የተሠራን ጋቢና የሚያድስ ሰው እንጨቱን ለላሜራው እንደ ደጋፊ ብቻ ከቆጠረው ሥራውን ከመነሻው ያበላሸዋል፤ ጋቢናው ቅርጹን የሚያገኘው ከእንጨቱ ነውና።

የመጀመሪያውና ሊታረም የማይችለው ስህተት የበሰበሰውን እንጨት ነቅሎ መጣል ነው። ግማሹ ዱቄት የሆነ የበር መቃን እንኳ የብሎኖቹን ቀዳዳ፣ የማጠፊያዎቹን መቀመጫ ጥልቀትና የጠርዙን ዘንበል በትክክል ይናገራል፤ የጠፋው ክፍል ደግሞ ከተቃራኒው ወገን አቻ ተገልብጦ ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ ግራና ቀኙ፣ ፊቱና ኋላው ተጽፎበት እስከ ሥራው ፍጻሜ መቀመጥ ይኖርበታል። አንድም ብሎን ከመፈታቱ በፊት ጋቢናው በሰያፍ ጣውላዎች ተወጥሮ መታሰር፣ የበሮቹ ክፍት ቦታም ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ መለካት አለበት። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በዘጠና ዓመት ውስጥ የዘመመን ጋቢና በታማኝነት መለካት መዝመሙን መገልበጥ ነው። በሮቹም የራሳቸው የእንጨት ክፈፍ ስላላቸው ይዘምማሉ። በእኔ እምነት ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው የበሮቹ ጥገና ነው፤ በሮቹ ወደ ትክክለኛ ቅርጻቸው ከተመለሱ በኋላ ከመስታወቱ የብረት ክፈፍ ጋር ሆነው ለሌላው ሁሉ መለኪያ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ስህተት አጽሙን በወለል ወይም በጠረጴዛ ላይ ገጥሞ መጨረስ ነው። እንዲህ የተሠራ ጋቢና ሻንሲው (ጋቢናውን የሚሸከመው የመኪናው የብረት መሠረት) ላይ ሲወጣና ማሰሪያዎቹ ሲጠብቁ ይጠማዘዛል፤ ትናንት በትክክል ይዘጋ የነበረው በርም ታችኛው ጥጉ ይፈገፍጋል። ሻንሲው ራሱ በውሃ ልክ ተስተካክሎ፣ የጋቢናው ማረፊያ ትራሶች ተተክተው፣ የወለሉ እንጨቶች እዚያው ላይ ከታሰሩ በኋላ ነው ቋሚዎቹ መቆም ያለባቸው።

የእንጨት ምርጫ ላይ የሚፈጸሙት ስህተቶች ብዙ ናቸው። በዚያ ዘመን የጋቢና ሠሪዎች ከሁሉ አብልጠው ይመርጡት የነበረው አሽ የሚባለውን ዛፍ ነው። አሽ ከእኛው ወይራ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል፤ ክብደቱ ግን ከወይራ በእጅጉ ያነሰ ነው። ቃጫው ረጅምና ቀጥ ያለ በመሆኑ ንዝረትንና ድንገተኛ ምትን ሳይሰነጠቅ ይችላል፤ ለመዶሻና ለመጥረቢያ እጀታ የሚፈለገውም ለዚሁ ነው። ኦክ የተባለው እንጨት ጠንካራ ነው በሚል በምትኩ የሚጠቀሙ ሰዎች በውስጡ ያለው አሲድ ብረትን እንደሚያዝግ ይዘነጋሉ፤ ጥድን የመሰሉ ለስላሳ እንጨቶች ደግሞ ብሎንና ምስማርን ለረጅም ጊዜ አይዙም። ከእስያ የመጣ አሽን የሚያጠቃ ጥንዚዛ በ2002 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የመኪና ኢንዱስትሪ መናኸሪያ በሚሺጋን ከተገኘ ወዲህ እጅግ ብዙ ዛፎች ስላለቁ ጥሩ አሽ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ያልደረቀ እንጨት በችኮላ መግዛት ለጉዳት ይዳርጋል። አሽ ከእርጥብነቱ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ የዓመት ቀለበቶቹን ተከትሎ 8 በመቶ ያህል ይኮማተራል። 60 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቋሚ እርጥበቱ ከ20 በመቶ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ሊጠብ ይችላል፤ በበር ዙሪያ ያለው ክፍተት ሁሉ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ መሆኑን ለሚያውቅ ይህ ትንሽ አይደለም።

ጠማማ ክፍሎችን፣ በተለይም የጣሪያውን ጥግ፣ ከአንድ ሰፊ ጣውላ ቆርጦ ማውጣትም የተለመደ ስህተት ነው። ቃጫው ኩርባውን አቋርጦ በሚያልፍበት ቦታ እንጨቱ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ቃጫው በየክፍሉ ኩርባውን እንዲከተል ቁራጮችን በረጅም ሰያፍ መገጣጠም፣ ወይም ስስ ንጣፎችን በቅርጽ ማውጫ ላይ አጥፎ በኮላ ማጣበቅ ይሻላል። በሰያፍ ሲገጣጠም የመገናኛው ርዝመት የእንጨቱን ውፍረት ስምንት እጥፍ ቢያህል መልካም ነው።

ከሁሉም ይልቅ አጥብቄ የማሳስበው ግን ኮላን ስለ መቸኮል ነው። ወንዴና ሴቴ መጋጠሚያዎቹ በጥሩ ሁኔታ ሲገቡ ባየ ሰው ልብ ውስጥ እዚያው ቀብቶ የማሰር ፍላጎት ያድራል። ነገር ግን አጽሙ በሞርሳና በጥቂት ጊዜያዊ ብሎኖች ብቻ ተይዞ ሳለ በሮቹ መሰቀል፣ መቆለፊያቸው መሞከር፣ ላሜራው ሁሉ ለልክ መልበስ፣ የፊት መስታወቱም መቀመጥ ይኖርባቸዋል። የበሩ ዙሪያ ክፍተት ከላይ ሰፍቶ ከታች ቢጠብ ጉድለቱ ያለው ብዙ ጊዜ በማጠፊያው ሳይሆን በወለሉ ጥግ ስለሆነ በዚህ ደረጃ ስስ ሽብልቅ በማስገባት ይስተካከላል፤ ኮላው ከደረቀ በኋላ ግን ያው ጉድለት መጋዝ ይጠይቃል። ይህን ሙከራ ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ የሚባክን ጊዜ አይደለም።

ብሎን ያለ መነሻ ቀዳዳ ማስገባት አሽን ይሰነጥቃል። የነሐስ ብሎን ደግሞ በጠንካራ እንጨት ውስጥ አንገቱ ስለሚቀነጠስ አስቀድሞ በተመሳሳይ የብረት ብሎን መንገዱን መክፈትና ሰም መቀባት ያስፈልጋል። የድሮዎቹን የጥግ ብረቶችም መጣል አይገባም፤ ዝገታቸው ተጠርጎ ይመለሱ፤ ሻንሲው በመንገድ ላይ ሲጠማዘዝ መጋጠሚያዎቹን የሚያግዙት እነርሱ ናቸው።

አዲሱ እንጨት ከገባ በኋላ ላሜራን መበየድ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ከላሜራ ጀርባ የተቃጠለ እንጨት ለሰዓታት ሳይታይ ሊጤስና ሌሊት በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ብየዳው ሁሉ ላሜራው ለብቻው ሳለ ይጠናቀቅ። አሮጌው ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ስለሚችልም በደረቁ አይፋቅ።

የመጨረሻው ስህተት የሚታየውን ፊት ብቻ መቀባት ነው። አሽ ለብስባሴ ደካማ ነው፤ ውሃ የሚጠጣውም በተቆረጠው ጫፉ በኩል ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቋሚ እግር፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥና ከላሜራው ጋር የሚገናኘው ገጽ ሁሉ ከመገጠሙ በፊት መከላከያ መጠጣት አለበት፤ የላሜራው ጀርባም ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል። በሁለቱ መካከል የሚገባ ስስ የፌልት (የተጠቀጠቀ የሱፍ ጨርቅ) ንጣፍ ጩኸትን ይቀንሳል። በበሮቹ ግርጌ ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በአዲሱ ቀለም እንዳይደፈኑ አንድ በአንድ በሽቦ መፈተሽ አለባቸው።