የስልካችሁ ባክአፕ በማን አካውንት ነው? የመጨረሻው ቀንስ መቼ ነው?

ስልክ ሲሰረቅ ወይ ውሃ ሲገባበት ሁሉም ሰው መጀመሪያ ሚለው "ጎግል ላይ አለ አይደል?" ነው፣ ግን ስልኩ ደህና እያለ ገብቶ ያየው ሰው በጣም ጥቂት ነው። እኔ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው ምኖረው፣ ጎረቤት ስልኩ ሲያስቸግረው ይዞ ይመጣል፣ እና ሁሌ ምጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው። ባክአፑ (ስልኩ ላይ ያለው ነገር ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ኮፒ) በማን አካውንት ነው ሚሄደው? የመጨረሻው ባክአፕ የተሰራው መቼ ነው? እነዚህን ሁለቱን ከመለሳችሁ ሌላው ቀላል ነው። ካልመለሳችሁ ግን ሴቲንግ ውስጥ በርቷል ስላለ ብቻ መተማመን፣ ሮቶው ሙሉ ነው ብሎ ክዳኑን ሳይከፍቱ ውሃ የሚጠፋበትን ሳምንት እንደመጠበቅ ነው። ስለዚህ ስልኩን አሁን ያዙትና አብረን እንየው።

አካውንቱ የማን ነው

ከሁሉም በላይ ሰው ሚጎዳው እዚህ ጋር ነው፣ ለዛ ነው ትንሽ የምቆይበት። አንድሮይድ ከሆነ (ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ ሳምሰንግ ምናምን) ፕሌይ ስቶርን ክፈቱና ከላይ በቀኝ በኩል ያለችውን ክብ ንኩ፣ ጂሜይሉ ይመጣል። ያንን ኢሜይል ታውቁታላችሁ? ብዙ ሰው ስልኩን ሲገዛ ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ነው ጂሜይል ሚከፍትለት፣ ፓስወርዱን አንዴ ይነግረዋል ወይ ጭራሽ አይነግረውም፣ ከዛ ስልኩ ለአመታት በዛ አካውንት ይሰራል፣ ፎቶውም ኮንታክቱም እዛ ይጠራቀማል፣ ስልኩ የጠፋ ቀን ግን በሩ አይከፈትም። እናቶቻችን ላይ ይሄ በጣም ይበዛል፣ እባካችሁ የነሱንም ስልክ እዩላቸው።

ፓስወርዱን አውቀዋለሁ የምትሉም ሞክሩት። የምታምኑት ሰው ስልክ ወይ ላፕቶፕ ላይ ብራውዘሩን በኢንኮግኒቶ (ፓስወርዳችሁን በማያስቀር መስኮት) ከፍታችሁ በዛ ጂሜይል ግቡ፣ ከገባችሁ ጥሩ፣ አይታችሁ ውጡ። ካልገባችሁ ደግሞ ስልኩ እጃችሁ ላይ እያለ ነው መስተካከል ያለበት፣ ምክንያቱም ጎግል እናንተ መሆናችሁን ለማረጋገጥ ስልኩን ራሱን ይጠቀምበታል። ሴቲንግ ውስጥ ጎግል፣ ከዛ አካውንቱን ማኔጅ የሚለው፣ ከዛ ሴኩሪቲ ውስጥ ገብታችሁ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ የድሮውን ካላወቃችሁት ረሳሁ የሚለውን ንኩ። እዛው ሪከቨሪ ስልክ (ፓስወርድ ሲጠፋ ኮድ የሚላክበት ቁጥር) የሚለውን ሳታዩ እንዳትወጡ፣ የሱቁ ልጅ ቁጥር ወይ የተዘጋ ሲም ሊሆን ይችላል፣ በራሳችሁ ቁጥር ቀይሩት።

ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከፓስወርዱ ሌላ በስልክ የሚመጣ ኮድ የሚጠይቀውን) ያበራችሁ ሰዎች ደግሞ ስልኩ ከነሲሙ ሲሰረቅ ኮዱም አብሮ ይሄዳል። ጎግል ለዚህ ብሎ ባክአፕ ኮድ ይሰጣል፣ 10 ኮዶች ናቸው፣ እያንዳንዱ 8 ዲጂት፣ አንዱ አንዴ ብቻ ነው ሚሰራው። ወረቀት ላይ ጻፉትና ከቤት ውሉ ወይ ከልጆቹ የልደት ካርድ ጋር አስቀምጡት። ስልኩ ውስጥ ስክሪንሾት ማድረግ ግን ዋጋ የለውም፣ ስልኩ ሲሄድ አብሮ ነው ሚሄደው።

አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ስትከፍቱ ከላይ ያለው ስም ነው። ከውጪ እህት ወይ ወንድም የላከው አይፎን ከሆነ ስሙ የነሱ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ የእናንተ ፎቶና ኮንታክት ሁሉ የሚሄደው ወደነሱ አይክላውድ (አፕል ኢንተርኔት ላይ የሚሰጠው ማስቀመጫ) ነው ማለት ነው። በችኮላ ሳይን አውት ብላችሁ ከአካውንቱ አትውጡ። መጀመሪያ ፎቶስ ሴቲንግ ውስጥ ኦፕቲማይዝ የሚለው በርቶ ከሆነ ኦሪጅናሎቹ ያሉት ክላውድ ላይ (ኢንተርኔት ላይ) ነው፣ ስለዚህ ዳውንሎድ ኤንድ ኪፕ ኦሪጅናልስ የሚለውን መርጣችሁ እስኪጨርስ ጠብቁ፣ ፎቶዎቹንም ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ። ከዛ ለላከላችሁ ሰው ደውላችሁ ፓስወርዱን ራሱ እንዲያስገባላችሁ ወይ እንዲነግራችሁ አድርጋችሁ ውጡ፣ ስትወጡ ኮንታክት ስልኩ ላይ ይቅር ወይ ብሎ ሲጠይቅ ይቅር በሉት፣ የራሳችሁን አካውንት ክፈቱ። ያለሱ ፓስወርድ ስልኩን ፎርማት ካስደረጋችሁት ተቆልፎ ይቀራል።

ቀኑን ማየት

አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ፣ ጎግል፣ ባክአፕ። ስልካችሁ በአማርኛ ከሆነ ቅንብሮች ውስጥ ምትኬ ብሎ ነው ሚያመጣው። ሳምሰንግ ላይ አካውንትስ ኤንድ ባክአፕ የሚባል አለ። እዛ ውስጥ የመጨረሻው ባክአፕ መቼ እንደሆነ ይጽፋል፣ ቀኑ የዚህ ሳምንት ካልሆነ ባክአፕ ናው የሚለውን ንኩ።

ለምን ቆመ ለምትሉት፣ ብዙ ጊዜ ስልኩ አልተበላሸም። አንድሮይድ በራሱ ባክአፕ የሚያደርገው ስልኩ ዋይፋይ ላይ ሆኖ፣ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ፣ ሳይነካ ለ2 ሰአት ያህል ሲቀመጥ ነው። አይፎንም ተመሳሳይ ነው፣ ቻርጀር ላይ፣ ተቆልፎ፣ ዋይፋይ ላይ። አሁን ይሄንን ወደኛ ሰፈር አምጡት፣ አራብሳም በሉት ቱሉ ዲምቱ ወይ የካ አባዶ፣ ማታ ከመገናኛ ተሰልፈን ቤት ስንደርስ መብራት የለም፣ መብራት ከሌለ የዋይፋዩ ራውተርም የለም፣ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ስልኩ ቻርጅ ላይ እያለ ቲክቶክ ይታይበታል፣ ብዙው ሰው ጭራሽ ዋይፋይ የለውም በፓኬጅ ነው ሚጠቀመው። በዚህ አይነት ሶስቱ ነገር አንድ ላይ የሚገናኙበት ሌሊት ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ስለዚህ በእጅ አድርጉት። ስራ ቦታ ዋይፋይ ካለ ምሳ ሰአት ላይ ባክአፕ ናው በሉ፣ ኮንታክት፣ ኤስኤምኤስ፣ የጥሪ ታሪክና ሴቲንግ ብዙ ሜጋባይት አይበሉም። ዋይፋይ የትም ከሌላችሁ እዛው ባክአፕ ገጽ ላይ በሞባይል ዳታ ባክአፕ እንዲያደርግ የሚፈቅድ ማብሪያ አለ፣ የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ አንድ ሌሊት አብሩትና ጠዋት አጥፉት። አጥፉት ያልኩት ግን እንዳይረሳ፣ ቪዲዮ ካለ የቀኑን ፓኬጅ ጠራርጎ ይጨርሰዋል።

ስለ ቀን ሌላ በጣም ወሳኝ ነገር አለ። አንድሮይድ ስልክ ለ57 ቀን ካልተጠቀማችሁበት ባክአፑ ሊጠፋ ይችላል። ስክሪኑ ተሰብሮ የጥገና ብር እስኪገኝ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ስልክ ስንት ቤት አለ? ሁለት ወር ሳይሞላ አዲስ ወይ የተዋሳችሁት ስልክ ላይ መልሱት። አይክላውድ ባክአፕ የሚለውን ማብሪያ ካጠፋችሁት ወይ መጠቀም ካቆማችሁ በኋላ ደግሞ የመጨረሻውን ባክአፕ 180 ቀን ያቆየዋል። ለ2 አመት ማንም ያልገባበት የጎግል አካውንት ደግሞ ራሱ አካውንቱ ከነፎቶው ሊሰረዝ ይችላል፣ የድሮ ጂሜይል ላይ የልጆች ፎቶ ያላችሁ ሰዎች አንዳንዴ ገባ እያላችሁ እዩት።

ፎቶ ለብቻው ነው

ያ ቅድም ያየነው ባክአፕ ተሰራ ማለት ፎቶው ገባ ማለት አይደለም፣ ፎቶ በጎግል ፎቶስ ነው ሚሄደው። አፑን ክፈቱ፣ ከላይ ያለችውን ክብ ንኩ፣ ባክአፕ ኮምፕሊት ይላል ወይ ጠፍቷል ይላል ወይ ይሄን ያህል ቀርቷል ይላል። በርቶም ቢሆን የካሜራውን ፎቶ ነው ሚወስደው፣ ከዋትሳፕና ከቴሌግራም የወረደው ሌላ ፎልደር ስለሆነ እናንተ ካልመረጣችሁለት አይሄድም፣ ባክአፕ ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስ ፎልደርስ የሚል አለ። የሰርግ ፎቶ በቴሌግራም ነው ሚላከው መቼስ፣ እሱን ፎልደር አብሩት። የቀልድ ቪዲዮ የሚበዛበትን ተዉት።

ከዛ ደግሞ ይሄን እባካችሁ ለቤተሰብም ንገሩ። ስልኬ ሞላ ብላችሁ ጎግል ፎቶስ ውስጥ ገብታችሁ ዲሊት ካላችሁ ከስልኩም ከክላውዱም ነው ሚጠፋው። ስልኩን ብቻ ማቅለል ከፈለጋችሁ ፍሪ አፕ ስፔስ የሚለውን ነው ምትነኩት፣ እሱ ባክአፕ የሆኑትን ብቻ ከስልኩ ያነሳል። በስህተት ካጠፋችሁ ባክአፕ የሆነ ፎቶ ትራሽ ውስጥ 60 ቀን ይቆያል። አይክላውድ ፎቶስም እንደዛው ነው፣ አንዱ ላይ ሲጠፋ ሁሉም ላይ ይጠፋል፣ እሱ ትራሹ 30 ቀን ነው።

ቦታ ሲሞላ

ጎግል በነጻ ሚሰጠው 15 ጊጋ ነው፣ ጂሜይልም ድራይቭም ፎቶም ተካፍለው ነው ሚጠቀሙበት። እስከ ሰኔ 2021 በፈረንጅ ድረስ ትንሽ የተጨመቀ ፎቶ አይቆጠርም ነበር፣ ከዛ ወዲህ ሁሉም ይቆጠራል። ሲሞላ ባክአፑ ይቆማል፣ ኢሜይልም መግባት ያቆማል፣ ስራ እየፈለጋችሁ ከሆነ ይሄኛው ያሳስባል። አይክላውድ ደግሞ 5 ጊጋ ብቻ ነው፣ ቪዲዮ የሚወድ ሰው በአንድ በአል ይጨርሰዋል።

ተጨማሪ ቦታ መግዛት ይቻላል ግን በውጪ ምንዛሬ ሚሰራ ካርድ ስለሚጠይቅ አብዛኞቻችን ጋር አይሆንም፣ ስለዚህ ማጽዳት ነው። ፎቶስ ውስጥ ማኔጅ ስቶሬጅ የሚለው ትልልቅ ቪዲዮዎችንና ስክሪንሾቶችን ለይቶ ያወጣላችኋል፣ ከዛ ጀምሩ። ጥራቱን ስቶሬጅ ሴቨር (ፎቶውን ትንሽ የሚጨምቀው) ላይ አድርጉት፣ ለስልክ ስክሪን ልዩነቱ አይታይም። ድራይቭ ውስጥ ባክአፕስ የሚለው ጋር የድሮ ስልኮች ባክአፕ ታገኛላችሁ፣ የሸጣችሁት ስልክ ከሆነ አጥፉት፣ የስልኩን ስም ሁለቴ አንብባችሁ ግን። አይፎን ላይ አይክላውድ ባክአፕ ውስጥ የትኛው አፕ ስንት እንደያዘ ይዘረዝራል፣ ከባዱንና የማይጠቅመውን ከባክአፑ አውጡት፣ ፎቶውን በጎግል ፎቶስ አስኪዱት፣ አይፎን ላይ ግን አፑን አልፎ አልፎ ካልከፈታችሁት ወደ ኋላ ይቀራል።

ዋትሳፕ፣ ቴሌግራም፣ ኮንታክት

ዋትሳፕ ሴቲንግ፣ ቻትስ፣ ቻት ባክአፕ። ቀኑን፣ መጠኑን፣ ጂሜይሉን እዩ። ድሮ ከ15 ጊጋው አይቆጠርም ነበር፣ አሁን ይቆጠራል፣ ኢንክሉድ ቪዲዮስ የሚለውን አጥፉት። ሲመለስ ያው ስልክ ቁጥርና ያው ጂሜይል ነው ሚጠይቀው። ኢንክሪፕትድ (በቁልፍ የተዘጋ) ባክአፕ ካበራችሁ ፓስወርዱን ወይ ባለ 64 ዲጂቱን ቁልፍ ጻፉት፣ ከጠፋ ዋትሳፕ ራሱ ሊከፍተው አይችልም።

ቴሌግራም ባክአፕ አይፈልግም፣ ከሲክሬት ቻት (ስልኩ ላይ ብቻ ከሚቀመጠው ሚስጥራዊ ቻት) በስተቀር ሁሉም ክላውድ ላይ ነው። የሱ አደጋ ሲሙ ነው። ቁጥሩ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ከተሰጠ ኮዱ ለዛ ሰው ነው ሚደርሰው፣ ስለዚህ ቱ ስቴፕ ፓስወርድ አድርጉ፣ ሪከቨሪ ኢሜይልም ጨምሩበት።

ኮንታክት ደግሞ ብዙ ሰው ሳያውቀው ሲም ላይ ወይ ስልኩ ላይ ነው ሴቭ ያደረገው፣ እሱ ጎግል ላይ አይሄድም። የጎግል ኮንታክትስ አፕ ውስጥ ኢምፖርት ፍሮም ሲም የሚል አለ፣ አንዴ አምጡትና ከዛ በኋላ አዲስ ቁጥር ስትመዘግቡ ጂሜይሉ ላይ ሴቭ አድርጉ።

የልጆች ታብሌት

ታብሌቱ በአባትየው ጂሜይል ከተከፈተ ልጁ ያነሳው የጣሪያ ፎቶና የጌም ስክሪንሾት ሁሉ የአባቱን 15 ጊጋ ይበላል፣ ከዛም በላይ ልጁ ፎቶስ ውስጥ ገብቶ ሲያጠፋ የአባቱ ስልክ ላይ ያለው ፎቶ አብሮ ይጠፋል። እኛ ህንጻ ላይ አንድ ቤት ይሄ ሆኖ ትራሽ ውስጥ ስለደረስን ነው የተረፈው። ቢያንስ ታብሌቱ ላይ የፎቶስን ባክአፕ ማብሪያ አጥፉት፣ እሱ ግን ቦታውን ነው ሚያድነው እንጂ ልጁ ሲያጠፋ የአባቱ እንዳይጠፋ አያደርግም፣ የተሻለው የራሱን አካውንት በፋሚሊ ሊንክ (ወላጅ የሚቆጣጠረው የጎግል የልጆች አካውንት) መክፈት ነው። ልጁ የትምህርት ፋይል ካለው ድራይቭ ላይ አድርጉለት፣ ታብሌት ብዙ ጊዜ ቻርጅ አልቆበት ስለሚከርም የ57 ቀኑን ነገርም አትርሱ።

ጥገና ቤት ከመስጠታችሁ በፊት

ሰራተኛው "ፎርማት ይደረግ?" ሲላችሁ እሺ ከማለታችሁ በፊት ቀኑን እዩ፣ በሌላ ስልክም ገብታችሁ ያለፈው ሳምንት ፎቶ መኖሩን አረጋግጡ። የፋይዳ፣ የዲፕሎማ፣ የውል ፎቶ ከሆነ ፍላሽ ላይም ገልብጡት፣ አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። መመለሱ የሚካሄደው አዲሱ ስልክ መጀመሪያ ሲከፈት ነው፣ ስኪፕ ስኪፕ ብላችሁ አትለፉት፣ እዛ ጋር ነው ከባክአፕ ልመልስ ወይ ብሎ ሚጠይቀው። ከአዲስ አንድሮይድ ቨርዥን የተወሰደ ባክአፕ ደግሞ ዝቅ ያለ ቨርዥን ያለው ስልክ ላይ አይመለስም፣ ሰከንድ ሀንድ ስትገዙ ቨርዥኑን ጠይቁ። የባንክ አፖች እንደገና መመዝገብ ይፈልጋሉ፣ ለሱ ባንክ መሄድ ሊኖር ይችላል።

ስልኩ ከተሰረቀ መጀመሪያ ሲሙን አዘግታችሁ በመታወቂያችሁ ያንኑ ቁጥር አስወጡ፣ ኮዶቹ ሁሉ እዛ ስለሚመጡ። ከዛ በሌላ ስልክ ጂሜይላችሁ ገብታችሁ ፓስወርድ ቀይሩ፣ ፋይንድ ሀብ (ድሮ ፋይንድ ማይ ዲቫይስ ይባል የነበረው) ላይ ቆልፉት። አይፎን ከሆነ ከአካውንታችሁ ሪሙቭ አታድርጉት፣ ሌባው የሚጠብቀው እሱን ነው፣ በኤስኤምኤስ ሊንክ ልኮ ፓስወርድ ሊጠይቃችሁም ይችላል እንዳትሰጡ። ኢሬዝ ማድረግ (ስልኩ ላይ ያለውን ከርቀት መሰረዝ) ከፈራችሁ ደግሞ ሚያጠፋው ስልኩ ላይ ያለውን ብቻ ነው፣ ክላውድ ላይ የገባውን ባክአፕ አይነካውም።