የቡና ሰነዳችን ለውጭ ገዢ አልከፈት ሲላቸው
ከጅማ ለሀምቡርግ ገዢያችን ያጋራነው የጉግል ድራይቭ አቃፊ ሁለት ቀን ሙሉ ፈቃድ እየጠየቀ መለሳቸው። የቅምሻ ውጤቱና የጆንያዎቹ ፎቶ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ያለ እነዚህ የዋጋ ንግግሩ አይጀመርም።

ሊንኩን ደጋግሜ ላክሁላቸው። ከንቱ ድካም ነበር፤ አቃፊው ለተፈቀደላቸው ሰዎች ብቻ የተገደበ ከሆነ ሊንክ ብቻውን በር አይከፍትም። ኢሜይላቸውን ራሱን ሳስገባ ከድርጅቱ ውጭ ማጋራት እንደማይቻል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ለካ የቢሯችን አካውንት አስተዳዳሪ የውጭ ማጋራትን ዘግቶት ኖሯል። ስነግረው ለሽያጭ ክፍል ብቻ ከፈተልን። ለሁሉም ቢከፍት የደመወዝ ሰነድ ሳይቀር በስሕተት ሊወጣ ይችል ነበርና ውሳኔውን ወድጄዋለሁ።

ያም ሆኖ አቃፊው ለገዢው አልከፈት አላቸው። ኮምፒውተራቸው ላይ ክፍት የነበረው እኛ ያልፈቀድንለት የግል አካውንታቸው ነበር። ማንነት በማያሳውቅ መስኮት (ቀድሞ የተከፈተውን አካውንት በማይጠቀም የአሳሽ መስኮት)፣ በሥራ አድራሻቸው ሲገቡ ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ተዘረገፉ።

የጉግል አካውንት የሌላቸው ባልደረባቸው ደግሞ በኢሜይል በደረሳቸው የማረጋገጫ ኮድ ገቡ። እንዲህ የገባ ሰው ከ7 ቀን በኋላ እንደገና ማረጋገጥ ስላለበት፣ ይህንኑ አስቀድሜ ጻፍሁላቸው።