የለስላሳ ቅንጣቶችን አፈጣጠር በፕሮቶን ግጭት ውስጥ እንዴት ማጥናት ይቻላል?

በመንዝ አውድማ የተወቃ ገብስ በመንሽ ወደ ላይ ሲበተን የሰው ዓይን የሚከተለው የሚወርደውን ፍሬ ነው፤ ገለባውንና እብቁን ነፋስ ይወስደዋል። በጄኔቭ አቅራቢያ ባለው የሰርን (የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት) ባለ 27 ኪሎ ሜትር የቅንጣት ማፋጠኛም ብዙው ተመራማሪ የሚያሳድደው ብርቱውን ግጭት ነው። ይሁን እንጂ በፕሮቶኖች ግጭት ከሚወለዱት ቅንጣቶች አብዛኞቹ ከጨረሩ ወደ ጎን ያላቸው ሞመንተም (የእንቅስቃሴ ብርታት) በቅንጣት ፊዚክስ መለኪያ 1 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት እንኳ የማይሞላ፣ ለስላሳ የሚባሉት ናቸው። በዚህ መጠን ፕሮቶንን በሚሠሩት በኳርኮችና እነሱን በሚያጣብቁት በግሉኦኖች መካከል ያለው ኃይል እጅግ ስለሚበረታ የተለመደው የግምት ስሌት ይከሽፋል፤ ስለዚህ ጥናቱ በሞዴልና በልኬት ላይ ይቆማል።

ደብረ ብርሃን የተቀመጠና ፓይተን የለመደ ተማሪ ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል። በመጀመሪያ ፒቲያ የተባለውን፣ ግጭትን አስመስሎ የሚያሰላ ነጻ ፕሮግራም ይጫን፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም። ቀጥሎ የግጭቱን ኃይል 13 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት (1 ቴራ 1,000 ጊጋ ነው) አድርጎ ከግጭት ዓይነቶቹ ውስጥ ለስላሳውን ይምረጥ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ እኔ በመጀመሪያ ሙከራዬ ብርቱውን መርጬ የቅንጣቶቹ ቁጥር ከሚጠበቀው በላይ ስለበዛብኝ፣ የሌለ ስሕተት ከኮዱ ውስጥ ስፈልግ ነጋብኝ።

ከዚያ 100,000 ግጭቶችን አስኬዶ፣ ኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውንና እስከ መጨረሻው የዘለቁትን ቅንጣቶች ብቻ ለይቶ፣ ስዩዶራፒዲቲያቸው (ከጨረሩ አንጻር ያላቸውን አንግል የሚገልጸው ቁጥር) ከ-0.5 እስከ 0.5 የሆነውን ይቁጠር። ያንኑ በ0.9 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ይድገመው። አማካዩ በዝቅተኛው ኃይል 3 ገደማ፣ በከፍተኛው ከ5 ትንሽ በላይ ከሆነ በሰርን ከተገኘው ልኬት ጋር ይስማማል፤ ኃይሉ ከ14 ጊዜ በላይ ሲያድግ ቁጥሩ እጥፍ እንኳ አይሞላም።

ውጤቱን ከእውነተኛ መረጃ ጋር የሚያነጻጽር ሰው ቅንጣቶቹን የመዘገበውን መሣሪያ ማግኔት አይርሳ። 0.15 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት የጎን ሞመንተም ያላት ቅንጣት አሊስ በተባለው የሰርን መመዝገቢያ መሣሪያ 0.5 ቴስላ ማግኔት ውስጥ 1 ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ትዞራለች፤ ሲኤምኤስ በተባለው በሌላው መሣሪያ 3.8 ቴስላ ግን ክቡ ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠብብ ወደ ውጭኛዎቹ የመከታተያ ንብርብሮች ሳትደርስ ትጠመዘዛለች።

በመጨረሻ አማካይ የጎን ሞመንተምን በአንድ ግጭት ከተቆጠሩት ቅንጣቶች ብዛት አንጻር ይሣል። መስመሩ ብዛቱ ሲጨምር ሽቅብ ይወጣል። በፒቲያ ውስጥ የቀለም ዳግም ትስስር የሚባለውን ምርጫ አጥፍቶ ሲደግመው ግን መስመሩ ጠፍጣፋ ወደ መሆን ይቀርባል፤ ይህም የሚሆነው በአንድ ግጭት ውስጥ ኳርኮችን እያያዙ የተፈጠሩት የተለያዩ የኃይል ክሮች አንዳቸው ከሌላው ጋር ተቀጣጥለው ማጠራቸው ስለሚቀር ነው።