ዛጎሎቼን እንዴት እንደለየኋቸው

አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሲዛር ክሪክ የሚባል ግድብ አለ። ነጻ ፈቃድ ይዞ ከትርፍ ውሃ መውረጃው ላይ ቅሪተ አካል መልቀም ይቻላል። መዶሻ ክልክል ነው፤ ከመዳፍ የሚበልጥም አይወሰድም። አንድ ከረጢት ለቅሜ ገባሁና ዛጎሎቹን ሁሉ «ክላም» (ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ያለው፣ ገላው ለስላሳ የውሃ እንስሳ) ብዬ ጻፍኩባቸው። ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር ግን አልገጥም አሉኝ። ሁለት ሳምንት ስዳክር ከረምኩ።

ለካ ሁለት ክዳን ያለው ሁሉ ክላም አይደለም! ዛጎሉን ከማጠፊያው እስከ ጠርዙ በሐሳባችሁ መሐል ለመሐል ሰንጥቁት። ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ የላይና የታች ክዳኑ ቅርጽ ከተለያየ ብራኪዮፖድ ነው፤ ክላም የሚመስል ግን ዘሩ ሌላ የሆነ የባሕር እንስሳ። የክላም ክዳኖች ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ሁለት መዳፍ ይገጥማሉ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እንደዚህ ሳያቸው አብዛኞቹ ብራኪዮፖድ ሆኑ። «የበሬ ቀንድ» ያልኩትም ኮራል የሚባል የባሕር እንስሳ ነው፤ ከ440 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት እዚያ በሬ ከየት ይመጣል?

ስለ እጥበቱ፦ ከቅሪተ አካሎቹ አንዳንዶቹ ያሉበት ሼል (shale) የሚባለው፣ ከደረቀ ጭቃ የተሠራ ስስ ስስ ንብርብር ድንጋይ ውሃ አይወድም። አንዱን ብዘፈዝፈው እንደ መጽሐፍ ገጽ ተላጠ፣ ከዚያ ጭቃ ሆነ፤ ላዩ ላይ የነበረችው ስስ ዛጎልም አብራው ሄደች። አሁን የማጸዳው በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ነው።