በደሴ ዙሪያ ያለ የጦርነት መታሰቢያ ድንጋይ ጽሑፍ አገላበጥ

የደበዘዘ ቅርጽ ፊደል የሚነበበው በጥላው ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ጽሑፉ የጠፋ ይመስላል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ወይም ማታ 11 ሰዓት ግድም፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ፎቶ ያንሱ። ደሴ ጉም ከለበሰች የእጅ ባትሪ ድንጋዩን ሊነካ እስኪቀርብ አጋድመው ያብሩ፤ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከላይ። ሦስት ፎቶ የሚያስፈልገው ከብርሃኑ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሄደ ጭረት ጥላ ስለማይጥል ነው። ማስመሪያ ከጎኑ ያስደግፉ፤ አለዚያ የፊደሉ ቁመት ኋላ አይታወቅም።

አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በንጹሕ ውኃ ብቻ ያጽዱ። ሎሚና በረኪና ድንጋይ ይበላሉ፤ የድንጋይ ሽበት ሲፋቅ ፊደሉን ይዞት ይነሣል። ከሁሉም የከፋው ቀለም መድገም ነው፤ ቀቢው የሚከተለው የፊደሉን ጎድጓዳ ሳይሆን የገመተውን ቃል ነው።

ሲገለብጡ መስመሩን እንደ ድንጋዩ ይስበሩ። «ፊት/» ተብሎ ከተቀረጸ «ፊታውራሪ» ብለው አይዘርዝሩ። አጠራጣሪውን ፊደል ከሥሩ ነጥብ ያድርጉበት፤ የጠፋውን በቅንፍ ባዶ ይተዉት። ትርጓሜውና እርማቱ ለብቻው በሌላ ወረቀት ይሁን።

አብዛኛው ስሕተት ዘመኑ ላይ ነው። ፲፱፻፳፰ ሲነበብ 19 በ100 ተባዝቶ 28 ሲደመርበት 1928 ይሆናል። ፮ እና ፯ ሲያረጁ ይመሳሰላሉ፤ የጣሊያን ጦር ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ስለሆነ የአንድ እግር መሰበር ቀኑን ያዛባል። ቁጥሩ 7428 ከሆነ ዓመተ ዓለም ነው፤ 5500 ይቀንሱ።

ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲያዞሩ እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ይደመራል። ወጥመዱ ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ነው። 1927 እንዲያ ስለነበር የ1928 መስከረም 1 የዋለው በፈረንጆች መስከረም 12 ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ደሴ ሳሉ ከተማዋና የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል በአውሮፕላን የተደበደቡት ዲሴምበር 6 ቀን 1935 ነው፤ ይህን ያልቆጠረ ሰው ኅዳር 27 ይላል፣ ትክክሉ ግን 26 ነው።

የሙስሊም መቃብር ድንጋይ ከሆነ ሂጅራውን ያስተውሉ። 1354 ያለቀው መጋቢት 1928 አጋማሽ ላይ ስለሆነ ድብደባውና የደሴ መያዝ በሁለት የተለያዩ የሂጅራ ዓመታት ይወድቃሉ። ጣሊያን በተከለው ድንጋይ ላይ ደግሞ ከዓመቱ ጎን ትንሽ የሮማ ቁጥር ካለች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ የሚቆጠረው የፋሺስቱ ዘመን ናት፤ ሁለቱም ድርጊቶች 14ኛው ዓመት ላይ ናቸው። የደቡብ አፍሪካ ጦር የኮምቦልቻን መተላለፊያ ሰብሮ ደሴን የያዘበት ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ግን 19ኛው ነው።

ከመሄድዎ በፊት ግልባጩን ሌላ ሰው ድንጋዩን እያየ ጮክ ብሎ ያንብበው፤ እርስዎ ወረቀቱን ይከታተሉ። የጀርባውን ገጽ ማየትም አይርሱ፤ የጠራቢው ስም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።