ለአበባው የሚተከል በሶብላ
ዘሩን ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ አትቅበሩት፤ አፈሩ ሞቅ ካለ ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይበቅላል። አፍሪካን ብሉ የተባለው ዝርያ ግን የሚበቅል ዘር ስለማይሰጥ በቁርጥራጭ ይራባል፦ አበባ ያልያዘ የ10 ሴንቲ ሜትር ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ የታችኛውን ቅጠል አራግፉና ውሃ ውስጥ አቁሙት። በሁለት ሳምንት ገደማ ሥር ያወጣል።

ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይቋጥር ቦታ ላይ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ትከሉ። ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉን ቀንጥቡ፤ አለዚያ ሳይንሰራፋ ሽቅብ ይመዘዛል። ቅጠሉ ድንገት ከጠቆረ መጀመሪያ ብርዱን ጠርጥሩ፤ ከ10 ዲግሪ በታች አይችልም።

የጠወለገውን የአበባ ዛላ ቶሎ ቁረጡ፤ ዘር ከቋጠረ ማበቡን ይቀንሳል። ለንቦች ግን ጥቂት ተዉላቸው። ሐምራዊው ዓይነት ነጭ ኮምጣጤ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ቀለሙን ሮዝ ያደርገዋል።