ሶፍትዌርህ በፍላሽ እንዳይባዛ፣ የከፈለህም ሰው እንዳይቸገር

ደብረ ብርሃን ቁጭ ብለህ ለፋርማሲ ወይም ለሕንፃ መሣሪያ መደብር ሶፍትዌር የምትሠራ ከሆነ፣ ለአንዱ የሸጥከው ፕሮግራም በፍላሽ ተገልብጦ ሸዋ ሮቢት ሊደርስ እንደሚችል ታውቀዋለህ። ስለዚህ መቆለፍ አለብህ። ግን እልኸኛ ክራከርን (የሶፍትዌር ቁልፍ የሚሰብረውን ሰው) አታቆመውም፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎችም አላቆሙትም። የምትከላከለው ኮፒ አድርጎ ለጓደኛው የሚሰጠውን ሰው ነው።

በየጊዜው ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ፈቃድ የሚጠይቅ አሠራር ለእኛ አካባቢ አይሆንም። መሐል ሜዳ ያለው ደንበኛህ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ደረሰኝ መቁረጥ ካቃተው፣ ገንዘቡን ከፍሎ የተቀጣው እሱ ነው። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ዶንግል (ካልተሰካ ፕሮግራሙ የማይከፈትበት ትንሽ ዕቃ) ጠንካራ ነው፣ ግን ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ምትኩም ቶሎ አይገኝም።

እኔ የምመክርህ በዲጂታል ፊርማ የተፈረመ የላይሰንስ ፋይል ነው። ሁለት ቁልፍ ታመነጫለህ፤ የሚፈርመው ፕራይቬት ኪው አንተ ጋ ይቀራል፣ ፊርማውን የሚያረጋግጠው ፐብሊክ ኪው ፕሮግራሙ ውስጥ ይገባል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲከፈት የኮምፒውተሩን መለያ ኮድ ያሳያል፣ ደንበኛው በቴሌግራም ይልክልሃል፣ አንተ የድርጅቱን ስም፣ ኮዱንና የሚያበቃበትን ቀን አስገብተህ ትፈርምና ፋይሉን ትመልስለታለህ። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልግም። አንዲት ፊደል ከተነካች ፊርማው ይወድቃል። ኤድ25519 (Ed25519) የተባለው የፊርማ ዘዴ ይበቃሃል፤ ፊርማው 64 ባይት ብቻ ነው፣ ሊብሶዲየም (libsodium) በተባለው የምስጠራ ላይብረሪ ላይ ተሠርቶ ታገኘዋለህ። የራስህን ምስጠራ ለመፍጠር እንዳትሞክር። ፕራይቬት ኪውም ደንበኛ ቤት ይዘኸው በምትዞረው ላፕቶፕ ላይ አይቀመጥ።

ዋናው ጣጣ መለያ ኮዱ ላይ ነው። የዊንዶውስ ማሽን ጂዩአይዲን (ዊንዶውስ ሲጫን የሚፈጠረውን መለያ ቁጥር) ብቻ አትመን። ኮምፒውተር ቤቶች አንድ የተዘጋጀ ኢሜጅ (የተጫነ ዊንዶውስ ሙሉ ቅጂ) ብዙ ማሽን ላይ ስለሚጭኑ ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ሊገኙ ይችላሉ፤ ፎርማት ሲደረግ ደግሞ ቁጥሩ ይቀየራል። የማዘርቦርድ ሲሪያልም አንዳንዱ ላይ ባዶ ነው። ስለዚህ የባዮሱን ዩዩአይዲ (ማዘርቦርዱ ላይ የተመዘገበውን መለያ)፣ የዲስኩን ሲሪያልና አብሮ የተሠራውን የኔትወርክ ካርድ ማክ አድራሻ ውሰድ፣ እያንዳንዱን ለየብቻው ሃሽ አድርገው (ወደ ኋላ ወደማይፈታ አጭር ኮድ ቀይረው)፣ ከሦስቱ ሁለቱ ከተገጣጠሙ አሳልፈው። አንድ ላይ ጨፍልቀህ ሃሽ ካደረግካቸው ዲስክ የቀየረ ደንበኛ ሁሉ ደዋይህ ይሆናል።

ላይሰንሱ የሚያበቃበትን ቀንም አስብበት። ያረጀ ዴስክቶፕ የማዘርቦርዱ ባትሪ ካለቀ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ብዙ ፕሮግራም ይሄን እንደ ማጭበርበር ቆጥሮ ይዘጋል። አንተ ግን ዳታቤዙ ላይ ካለው የመጨረሻ ደረሰኝ ቀን ጋር አስተያየው፣ ወደ ኋላ ከሄደ "ቀኑን አስተካክሉ" በልና ጠብቅ። ላይሰንሱ ሲያበቃም አዲስ ሽያጭ መመዝገብ ይቁም እንጂ የድሮውን ሪፖርት ማየትና ማተም አትከልክል፤ ዳታው የእሱ ነው።

በዶት ኔት ወይም በጃቫ ከጻፍከው የፕሮግራሙ ኮድ በቀላሉ ተፈትቶ እንደሚነበብ እወቅ። ማረጋገጫውን ከአንድ በላይ ቦታ አስገባ፣ ኮዱን በማወሳሰቢያ መሣሪያ (ኦብፈስኬተር) አሳልፈው፣ ከዚያ ወደ ሥራህ ተመለስ። ሳምንታት አታቃጥልበት።

የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል፣ ግን ውል ከሌለህ ክርክሩ ይከብድሃል። በስንት ኮምፒውተር እንደሚሠራ፣ ማሽን ሲቀየርም አዲስ ላይሰንስ በነፃ እንደምትሰጥ ውሉ ላይ በግልጽ አስፍረህ አስፈርም።